ከስፒከሩ ጀርባ

ካሴቱ አልላቀቅ አለ።

ሆራ ደገፋ የትልቁን የእንጨት ሬዲዮ የኋላ ክዳን ፈትቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ካሴቱን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሳበው። ካሴቱ ትንሽ ተነሳ፤ ጣቱን ላላ ሲያደርግ መልሶ ጥብቅ አለ። ማጣበቂያ የተቀባ መስሎት ዙሪያውን ዳበሰው። ማጣበቂያ የለም። ያለው ከስፒከሩ ጀርባ የተገጠመው ክብ ማግኔት ነው። የካሴቱን ጥቃቅን ብሎኖች ነክሶ የያዘው እሱ ነው።

እጁ እዚያው ቀረ።

"ምነው፣ እንቢ አለህ?" አሉ አቶ ገብረወልድ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ቆይ እስቲ ጋሼ።"

"ክሩን ቁረጠው። እኔ ነኝ በክር ያሰርኩት።"

"ክሩንማ ቆርጬዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ያዘው?"

ሆራ ካቻቢቴውን አንስቶ ነበር፣ መልሶ አስቀመጠው። ከጠረጴዛው ስር የመጥረጊያ እንጨት ስባሪ ፈልጎ በካሴቱና በማግኔቱ መሃል ሰካና ቀስ ብሎ ፈለቀቀው። ካሴቱ ወጣ። የሥራ ባልደረባው አብዱናሲር ወዲያ ማዶ የሰው ቴፕ እየበየደ በዓይኑ ጠርዝ ያየዋል። ለምን በእንጨት እንደፈለቀቀው ገባው።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ካሴቱን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ፈሩ ሁሉ ሰበሰቡት።

"አንተው ዘንድ ይሁን" አሉ። "እኔ ከነካሁት የማለቅስበት ይመስለኛል።"

ልጃቸው ሙሉብርሃን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ነበር። አምና ክረምት ላይ፣ አንድ እግሩን ያጣ ጓደኛው ወደ ሻሸመኔ ሲያልፍ ናዝሬት ወርዶ ይህችን ካሴት አድርሷቸዋል። "ድምፁ ነው። መጨረሻው ላይ ለእናቴ ብቻ የምለው አለኝ ብሏል፣ እስከ መጨረሻው ስሙት" ብሎ በክራንቹ እየዘለለ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

በተዋሱት ቴፕ፣ በር ዘግተው፣ ጆሯቸውን ደቅነው ሰሙት። ልጁ ሰላምታውን ጨርሶ፣ "አባዬ፣ እዚህ ያለው ነገር በሬዲዮ እንደምትሰሙት እንዳይመስላችሁ" ሲል አቶ ገብረወልድ ማጥፊያውን ተጫኑት። ግድግዳው ጭቃ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው ሰውዬ የአብዮት ጥበቃ ነው። "ቀሪውን ነገሩ ሲረጋጋ እንሰማዋለን" አሉ። ሚስታቸው ለመኑ፣ አለቀሱ። እሳቸው ግን ካሴቱን ይዘው የሚደብቁበት ሲያስቡ አደሩ። አሰሳ ሲመጣ ፍራሽ ይገለበጣል፣ የጤፍ ጆንያ ይወጋል። የሬዲዮ ክዳን የፈታ አሳሽ ግን አይተው አያውቁም። ሬዲዮ የመንግሥት አፍ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? ካሴቱን ከስፒከሩ ጀርባ አስገቡት። ሲያስገቡትም ራሱ ልጥፍ ብሎ ሲይዝላቸው ደስ አላቸው። እንዳይወድቅ ደግሞ ክር ጨመሩበት።

ነገሩ ሳይረጋጋ፣ በጥር፣ መርዶው መጣ።

ዛሬ ጠዋት ሮማነወርቅ ሬዲዮኑን በአንሶላ ጠቅልለው ወደዚህ ጥገና ቤት የሚያመጣቸው ጋሪ አስቆሙ። "ልጄን ወስደዋል፤ ከእንግዲህ ምን ይወስዱብኛል?" አሉ። ባላቸው ከኋላ ተከተሏቸው።

"አብዱናሲር፣ በሩን ገርበብ አድርገው" አለ ሆራ።

ካሴቱን በመስኮቱ ብርሃን አየው። የካሴቱ ክር በሁለቱ ጥቅሎች ላይ እኩል ለእኩል ተከፍሏል። የተሰማው ወደ ቀኝ አልፏል፤ ያልተሰማው በግራ ቀርቷል። የማግኔቱ አቧራ በካሴቱ ልባስ ላይ ክብ ምልክት ትቷል። ክቡ በግራ በኩል ነው።

"ካቆምንበት ነው የምታሰማን?" አሉ አቶ ገብረወልድ።

"ከመጀመሪያው ነው እንጂ!" አሉ ሚስታቸው። "እንዴት ከመሃል ይጀመራል? ሰላም ይበለኝ እንጂ መጀመሪያ።"

ሆራ ወደ ኋላ አጠነጠነውና ለቀቀው። ጥቂት ሽው አለ። ከዚያ አንድ ወጣት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለውድ እናቴና ለውድ አባቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። እማዬ፣ ያቺ ዶሮሽ አሁንም አልጋ ስር ነው የምትጥለው?"

"አሁንም አልጋ ስር ነው" አሉ ሮማነወርቅ ለቴፑ። ሳቁ። ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። ልጁ ዘመዱንና ጎረቤቱን አንድ በአንድ እየጠራ ሰላምታውን አስረዘመ።

"አባዬ ደግሞ ወገቡን እንዴት አድርጎታል? ከባድ አያንሳ በይው። የላስቲክ ጫማዬን ለማንም እንዳትሰጡብኝ፣ መጥቼ አደርገዋለሁ። አባዬ፣ እዚህ ያለው ነገር በሬዲዮ እንደምትሰሙት እንዳይመስላችሁ። ባለፈው..."

ሹሽ አለ። ዝም አለ። እንደገና ሹሽ አለ።

የአቶ ገብረወልድ አውራ ጣት ኮፍያው ላይ ተጫነ። ያኔ የተጫኑት እዚህችው ላይ ነበር። ያልሰሙት ሁሉ ከዚህ ወዲያ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ደግሞ ይሄ ነው። ሹሽ። ዝም። ሹሽ።

አብዱናሲር የመበየጃ ካውያውን አስቀመጠ።

"ተበላሸ?" አሉ አቶ ገብረወልድ።

"ዝም በል ገብሬ!" ሮማነወርቅ ከዱካዋ ተነስተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። "አትሰማም? እየተነፈሰ ነው። ልናገር ብሎ ሲቃ ይዞት ነው።"

ማንም አልተነፈሰም፣ ከካሴቱ በስተቀር። ሆራ ጠበቀ። ወደ ፊት አሳለፈው፤ ያው ነው። ገልብጦ ሌላውን ገጽ ሞከረ፤ መጀመሪያ ያው ትንፋሽ፣ ከዚያ የአንድ ዘፋኝ ዘፈን ከመሃሉ መጣ። ልጁ በዘፈን ካሴት ላይ፣ በአንድ ገጽ ብቻ ነው የቀዳው። ሌላ የተደበቀ ነገር የለም።

"በሌላ መሣሪያ ልሞክረው" አለ ሆራ።

"ሌላ መሣሪያ አለህ?" አሉ ሴትየዋ። ዓይናቸው በራ። ሆራ ያን ብርሃን ባላየ ኖሮ በወደደ ነበር።

ከመሳቢያው ጥግ የክኒን ቆርቆሮ አወጣ። ውስጡ ጥጥ፣ በጥጡ ውስጥ የጥፍር ስፋት ያላት መስታወት አለች። መስታወቷ ላይ እንደ ጭስ የሳሳ ግራጫ ብረት አርፏል፤ ከብረቱ አራት የፀጉር ሽቦ ተስቧል። ከሠለጠነበት ከሶቪየቱ ከተማ ከሐርኮቭ ይዞት የመጣው ይህንኑ ነው። ሌላው ተማሪ ሻንጣ ሞልቶ ነው የመጣው።

ሆራ ከአቦምሳ ገጠር ወጥቶ እስከ አስረኛ ክፍል ነው የተማረው። ሐርኮቭ የሄደው ለቴክኒሻን ሥልጠና ነበር። እዚያ አለማየሁ የሚባል የአገሩ ልጅ ለዶክተርነቱ ይሠራ ነበር፤ ሆራ ከእሱ ስር ገባ። ኒኬልና ብረት አየሩ በፓምፕ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ አትንኖ መስታወት ላይ ማሳረፍ የሆራ ሥራ ሆነ። እጁ ለዚህ የተፈጠረ ነበር። ሌላው ሰው ያሳረፈው ይላጣል፤ የእሱ አይላጥም። አለማየሁ ተከናንቦ ሲተኛ ሆራ ፓምፑን ሲጠብቅ ያድራል። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ግን የሩሲያዊው ፕሮፌሰር ስም አለ፣ የአለማየሁ ስም አለ። ሆራ "የእኔስ?" አለ። አለማየሁ ሳቀ። "አንተማ ቴክኒሻን ነህ፤ እንጀራው ሲቀርብ የምጣዱን ስም ማን ይጽፈዋል?" አለው። ይህን የተናገረው በሰው ፊት ነው። አለማየሁ በዚያ ቀን የለበሰውን ሹራብ ሳይቀር ሆራ ያስታውሳል።

አገሩ ሲመለስ ምደባ የሚሰጠው ሰውዬ "ምን ሠለጠንክ?" ብሎ ጠየቀው። "ስስ የብረት ቅብ" አለ። ሰውዬው ቀና ሳይል ቀለም ቅብ ውስጥ መደበው። ሆራ ለዓመታት የቀበሌ በር ቀይ ሲቀባ ኖረና፣ በመጨረሻ እዚህ የጥገና ማኅበር ውስጥ ተሸጎጠ። "ፊልም ነበር የምሠራው" ብሎ፣ ስሱን ቅብ በሙያው ስም ጠርቶ፣ አንድ ቀን ጠጅ ቤት ቢያወራ ሲኒማ መስሏቸው "ፊልሙ" የሚል ስም አወጡለት። እስከ ዛሬ ፊልሙ ነው።

ባለ መርፌውን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተሩን፣ አቀረበ። ባትሪ ድንጋይ አገናኘ። ሽቦዎቹን አሰረ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ አብዱናሲር በሹክሹክታ።

"ክሩን የሚያነበው የቴፑ ሄድ የሚሰማው ክሩ ሲሮጥለት ነው። ይሄ ቢቆምም ይሰማል። የካሴቱ ክር ላይ ያለው ብናኝ ማግኔት ነው አይደል? ይሄም ስስ ብረት ማግኔት ነው። ሳሳርፈው ጎኑ ማግኔት አስቀምጬ ስለነበር አንድ አቅጣጫ ለምዷል። በዚያ አቅጣጫ መተኛት ይቀለዋል፤ በጎን አዙረው ብትለው ይታገልሃል። የክሩ ማግኔት ሲጠጋው ግን ትንሽ ዞር ያደርገዋል። ዞር ባለ ቁጥር የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ መርፌውም ይነቃነቃል።"

"ከኤሌክትሪኩ ጋር ወደ አንድ ወገን ሲተኛ በደንብ ያሳልፋላ።"

"የለም። አብሮ ሲተኛ ነው የሚከብደው። አቋርጦት ሲተኛ ነው የሚቀለው።"

"አብሮ እየሄዱ ነው የሚከብደው?" አብዱናሲር አፉን በእጁ ሸፈነ። "ወላሂ ይሄማ የፓርቲ አባል የሆነ ብረት ነው።"

"ዝጋ አፍህን።" ሆራ ወደ በሩ ተመለከተ። ማንም የለም፤ የጋሪው ፈረስ ብቻ ዝንብ ያባርራል።

ክሩን ከካሴቱ ሳበና በመስታወቷ ጠርዝ ላይ በጣቱ ቀስ እያደረገ አሳለፈው። መጀመሪያ የተሰማውን ክፍል ሞከረ። መርፌው እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፤ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ። ዶሮዋ፣ ወገቡ፣ የላስቲክ ጫማው፣ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ሮማነወርቅ ከትከሻው በላይ ሆነው ያያሉ።

"እሱ ነው?" አሉ።

"እሱ ነው እማማ።"

"ኧረ እንዴት ነው የሚፈጥነው! ሲያወራ እንዲህ ነው፣ ከልጅነቱ።"

ሆራ በሕይወቱ ሥራውን እንዲህ ብሎ ያየለት ሰው አልነበረም። ላንዲት ደቂቃ አለማየሁንም፣ ምደባውንም፣ ቀዩንም ቀለም ረሳ። ከዚህ በኋላ ያለው ክር ውስጥ፣ ከጥቅሉ እምብርት አጠገብ፣ ማግኔቱ ያልደረሰበት ጥቂት ነገር ቢተርፍ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢተርፍ...

ወደ ግራው ጥቅል ገባ። መርፌው ቀስ ብሎ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ቆመ። ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ጥቅሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይሄዳል፣ አንድ ጊዜ ይመለሳል። ሌላ ምንም የለም። መንቀጥቀጥ የለም። ሆራ ሳበ፣ ሳበ፤ ክሩ በወለሉ ላይ ተከመረ። እምብርቱ ጋ ሲደርስም መርፌው ያው እንደ ደከመ ሰው ይመላለሳል። ማግኔቱ የካሴቱን ግማሽ ከዳር እስከ ዳር ወደ ራሱ አዙሮ አስተኝቶታል። እናቲቱ ትንፋሽ ያሉት ይህንኑ ነው።

"ምን ይላል?" አሉ ሮማነወርቅ።

ሆራ መርፌውን እንደገና አየ።

"አሁን ቀስ አለ። እያለቀሰ ነው እንዴ?"

"እማማ፣ ከዚህ በኋላ ድምፅ የለም። ጠፍቷል።"

"እንዴት ይጠፋል? እየሰማሁት?"

"የሰሙት ድምፅ አይደለም። ማግኔት ሲነካው እንደዚያ ያደርጋል።"

ሴትየዋ ቀና አሉ። ሬዲዮኑ ጀርባውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሆራ የፈታቸው ብሎኖች፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ሁለቱ ማግኔቱ ላይ ተለጥፈዋል። ሮማነወርቅ ብሎኖቹን አዩ። ከዚያ ባላቸውን አዩ።

አቶ ገብረወልድ ወንጂ በስኳር ሥራ ሲደክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሞኝ አይደሉም። ካሴቱ ራሱ ልጥፍ ሲልላቸው ደስ ያላቸው ጊዜ ፊታቸው ላይ መጣ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ፤ ጠረጴዛውን ያዙ።

"ሮማን፣ እኔ..." አሉ።

ሆራ ሁለቱን አየ፤ የቀራቸው አንድ ቤት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ይዘው ይገባሉ። ማታ እራት ሲቀርብ ይኖራል፤ ሬዲዮኑ ዜና ሲያነብ ይኖራል።

"እኔ ነኝ እማማ" አለ ሆራ።

"አንተ ምን?"

"ሳወጣው ነው። ይሄ ካቻቢቴዬ ማግኔት አለበት። በእሱ ፈልቅቄ ሳወጣው ነው የጠፋው። ማወቅ ነበረብኝ፣ ሥራዬ ነው። እጄ ነው ያጠፋው።"

አብዱናሲር ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ኧረ ሆራ፣ አንተ..." ሆራ ዞሮ አየው። አብዱናሲር ተመልሶ ተቀመጠ።

ሮማነወርቅ ወደ እሱ ዞሩ። እንደሚጮሁ ጠብቆ ነበር። አልጮሁም።

"ልጅ አለህ?" አሉት።

"የለኝም።"

"ታስታውቃለህ።"

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ የተከመረውን ክር እንደ ጨቅላ በነጠላቸው ያቅፉት ጀመር። ሆራ ሊያግዛቸው እጁን ሲሰድ፣ "አትንካው!" ያሉት አቶ ገብረወልድ ናቸው። ድምፃቸው ከሚገባው በላይ ጮኸ።

"ባለሙያ ብለን ነው ያመጣንልህ! ሩሲያ ተምሯል ሲሉን! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ይሄን ነው የተማርከው?"

"ይቅርታ ጋሼ።"

"ይቅርታ! ይቅርታ ምን ያደርግልናል!"

ሆራ ዓይናቸውን ፈለገ። አንዲት ጊዜ ቢያዩት ይበቃው ነበር። አላዩትም። ኮፍያቸውን አድርገው፣ የሬዲዮኑን ክዳን ራሳቸው ገጥመው፣ ብሎኖቹን ከማግኔቱ ላይ ሳይነቅሉ ተሸከሙት። ወገባቸው ሲንቃቃ ተሰማ። እሱ ሊቀበላቸው አልደፈረም።

በበሩ ክፍተት አያቸው። ሮማነወርቅ ክሩንና ካሴቱን ደረታቸው ውስጥ አስገብተው ጋሪው ኋላ ላይ ተቀመጡ። አቶ ገብረወልድ ሬዲዮኑን አጠገባቸው ሊያስቀምጡ ነበር። ቆሙ። ዞረው ሄደው ፊት ለፊት፣ ከባለጋሪው እግር ስር፣ ሚስታቸው ካሉበት የቻሉትን ያህል አርቀው አስቀመጡት። ጋሪው በአቧራው ውስጥ ወደ ገበያው መንገድ ወረደ።

"እንጨት ነበር የያዝከው" አለ አብዱናሲር። "በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አላየህም።"

"ወላሂ አይቻለሁ! ሰውዬውም ያውቃል። አውቆ ነው የሰደበህ፣ ያ ሽማግሌ። ነገ እኮ ሴትየዋ ለጎረቤት ትናገራለች። ፊልሙ የሟች ልጅ ድምፅ አጠፋ ይባላል። ከእንግዲህ ማን ካሴት ይሰጥሃል?"

"አይስጡኝ።"

"ቢያንስ ሲወራብህ መርፌውን ታሳያለህ። ካሴቱ አንዴ ቢመጣ፣ ጥቅሉ በዞረ ቁጥር እንዲህ እንዲህ ሲል፣ ለብዙ ጊዜ ማግኔት ላይ እንደተቀመጠ ያስረዳል። በካቻቢቴ እንደዚያ አይሆንም። ማስረጃ አለህ እኮ!"

አብዱናሲር እውነቱን ነው። ሆራም ራሱን ያውቃል። እሱ ነገር የሚረሳ ሰው አይደለም። አንድ ሹራብ እስከ ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ነው። ዛሬ ዝም ይላል። ሰው ሲያማው አንድ ሳምንት ዝም ይላል። አንድ ቀን ግን ጠጅ ቤት ውስጥ፣ አንዱ "ፊልሙ" ብሎ ሲስቅበት፣ ይቺን የክኒን ቆርቆሮ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያኖራታል። ያኔ ድምፁን ያጠፉት ባላቸው የመሆናቸው ወሬ በዚያው ማታ ሮማነወርቅ ቤት ይደርሳል።

መስታወቷን ከቴስተሩ ላይ አነሳ። አራቱን የፀጉር ሽቦ አንድ በአንድ ነቀለ። በብርሃን አያት፤ ግራጫው ቅብ አንድም ቦታ አልተላጠም። የእሱ አይላጥም።

"ምላጭ አቀብለኝ" አለ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"አቀብለኝ አልኩህ።"

ቅቡ በቀላሉ አልለቀቀም። ከአንዱ ጠርዝ ጀምሮ ፋቀው፤ ግራጫው ብናኝ እጁ ላይ ወረደ። ወዲያና ወዲህ የሚያሳይ ባዶ መስታወት እስኪሆን ፋቀ። ከዚያ ብናኙን በሱሪው ጠረገና ከጥግ የሚጠብቀውን የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ወደ ጠረጴዛው ሳበው። ለነገው ሰልፍ ይፈለጋል ተብሏል።